ባለ አርባ አንድ አንቀጹ የኬሚስትሪ ውል

ስለ መምህር ትእዛዙ ሰቆጣ ውስጥ የሚወራውን ሁሉ አትመኑ። እኔ የማወራውን ብቻ እመኑ። ደንቡን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ዋስ የሆንኩትም እኔ ነኝ፤ ተረከዙ የተላጠውም የኔው እግር ነው።

ሱቄ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ ወንበር አለኝ። ትምህርቴን ከአሥረኛ አላለፍኩም፤ ቢሆንም በዚህ ከተማ ዲግሪ ካለው ሰው ሁሉ ይበልጥ ማመልከቻ ጽፌአለሁ። የቤት ኪራይ ውል፣ የበሬ ሽያጭ፣ የፍቺ አቤቱታ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። የሚበዛው ግን የዝውውር ጥያቄ ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ ወደኛ የሚመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሻንጣውን ሳይፈታ ዝውውር ያስጽፋል። አንዱማ ከአውቶቡስ ሳይወርድ በመስኮት አስጽፎኛል። ትስቃላችሁ፤ ፊርማው እኔ ዘንድ አለ።

መምህር ትእዛዙ የአሥራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። አገሩ ደብረ ታቦር፣ ሚስቱና የሁለት ዓመት ልጁም እዚያው ናቸው። ልጅቷ አባቷን የምታውቀው በስልክ ብቻ ስለሆነ፣ መስመር በተቋረጠ ቁጥር «አባዬ ባትሪ ጨረሰ» ትላለች አሉ። ይህን ሲነግረኝ ይስቃል፤ ስቆ ሲጨርስ ግን አንድ ገጽ ዝውውር ያስጽፈኛል። ሦስት ዓመት አስጻፈኝ። ለዝውውር ሰማንያ አምስት የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ያስፈልጋል፤ እሱ በየዓመቱ ሰማንያ አንድ ያመጣል። አራት ነጥብ! በአራት ነጥብ ምክንያት ሰው ከልጁ ይለያል።

በአራተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ፊቱ በርቶ መጣ።

«ተገኘ!» አለኝ፣ አንድ እፍኝ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ። «ምርጥ ተሞክሮ ያመጣ መምህር አምስት ነጥብ ይጨመርለታል። አምስት! ሰማንያ ስድስት ሆንኩ ማለት ነው።»

«ተሞክሮው ምንድን ነው?»

«የኬሚስትሪ ክፍል ደንብ። ከኢንተርኔት አውርጄ በእጄ ተረጎምኩት። የውጭ አገር ትምህርት ቤት ነው።»

አነበብኩት። አርባ አንቀጽ ነው። አንቀጽ ሦስት፦ ከአምስት ደቂቃ በላይ የዘገየ ተማሪ በሩ ይዘጋበታል፣ አምስት ማርክም ይቀነስበታል፤ ምንም ምክንያት ተቀባይነት የለውም። አንቀጽ ዘጠኝ፦ ያለ ዓይን መከላከያ መነጽር ወደ ክፍል መግባት ክልክል ነው። አንቀጽ አሥራ አራት፦ ዓይኑ ውስጥ ኬሚካል የገባበት ተማሪ ወደ ማጠቢያው ቧንቧ ሮጦ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠብ። እኔ እስከማውቀው ሰቆጣ ውስጥ የቧንቧ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጥ የፈሰሰው አንድ ቀን ነው፤ እሱም ቧንቧው የፈነዳ ለት። አንቀጽ ሃያ ሁለት፦ የቤት ሥራ በኢሜይል ይላካል።

«መምህር» አልኩት፣ «ላብራቶሪው በጦርነቱ ከተዘረፈ ወዲህ የቀረው አንድ የተሰነጠቀ ብልቃጥ ነው እኮ።»

«ደንብ ይቀድማል፤ ዕቃ ይከተላል» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው እንዴት ሹመት እንዳልተሰጠው እስከዛሬ ይገርመኛል።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። በዚያ ሳምንት መብራት ሲመጣ ዶሮዎች ነጋ ብለው ይጮኹ ነበር፤ ያን ያህል ብርቅ ሆኖ ነበር። አርባ አንቀጽ ከባዶ መተየብ አልሆነልኝም። ስለዚህ የቤት ኪራይ ውሌን ከፍቼ «አከራይ» የሚለውን በ«መምህር»፣ «ተከራይ» የሚለውን በ«ተማሪ»፣ «ቤቱን» የሚለውን በ«ክፍሉን»፣ ብሩን በማርክ ለወጥኩና የሱን አንቀጾች መሐል ላይ አስገባሁ። የውሉን የመጨረሻ አንቀጽ ማጥፋት ነበረብኝ፤ ተውኩት። ስንፍናም ነበር፣ ተንኮልም ነበር፤ ስንት ስንት እንደሆነ አልመዘንኩትም። አርባው አንቀጽ አርባ አንድ ሆነ። መምህር ትእዛዙ ቸኩሎ ስለነበር ሳያነብ ወሰደው። ርዕሰ መምህሩም ሳያነብ ማኅተም አሳረፈበት። ማኅተም ያዥ ማንበብ ከጀመረ አገር ይቆማል።

ደንቡ ወላጅ እንዲፈርምበት ያዝዛል። ስለዚህ በገበያ ቀን፣ ወላጆች ለገበያ ሲመጡ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተጠሩ። የወላጆች ኅብረት ሊቀመንበር አያ የኋላሸት ናቸው፤ ከጋዝጊብላ በኩል፣ ከከተማው ሦስት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ መንደር። በአካባቢው ጥል ሁሉ የሚፈታው በሳቸው ፊት ነው። ልጃቸው መክሊት አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ሳምንቱን ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ዓርብ አገሯ ገብታ ሰኞ ጠዋት ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። አጠገባቸው የሱቅ ባለቤቷ ወይዘሮ ሸምሲያ ተቀምጣለች፤ የሷ ልጅ ሪሃና የክፍሉ አለቃ ናት።

መምህር ትእዛዙ ወረቀቱንና የማኅተም ቀለሙን አቀረበ። «እዚህ ጋ አሻራዎን ያሳርፉ፣ አያ።»

አያ የኋላሸት ቀለሙን አዩት። «ይነበብልኝ።»

«አርባ አንቀጽ ነው እኮ…»

«ላልሰማሁት ነገር ጣቴን አላጠቁርም። የጻፈው ይምጣና ያንብብ።»

ከሱቄ ተጠርቼ አነበብኩ። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ወይዘሮ ሸምሲያ እጇን አወጣች።

«መነጽሩ ጥቁር ቢሆንም ይሆናል?»

«መከላከያ ይሁን እንጂ ቀለሙ ግድ የለም» አለ መምህሩ።

«ወላሂ ትምህርት ጥሩ ነገር ነው» አለችና ሪሃናን በጆሮዋ አንድ ነገር ብላ ወደ ሱቅ ላከቻት። ለጥምቀት ገበያ አምጥታው ሁለት ዓመት አልሸጥ ያለ አንድ ካርቶን የፀሐይ መነጽር ነበራት።

ቀጠልኩ። ኢሜይል ላይ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ቧንቧው ላይ አንዲት እናት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናግራ የኋላ ወንበር ሁሉ ሳቀ። በመጨረሻ የኔዋ ላይ ደረስኩ።

«አንቀጽ አርባ አንድ፦ ይህ ውል በሁለቱም ወገን ሙሉ ፈቃድ የተደረገ ሲሆን፣ ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን በእያንዳንዱ ጥፋት አምስት ማርክ ይቀነስበታል። ከሃምሳ በታች የወረደ ወገን ጉድለቱን ሳያሟላ ክፍሉን መልቀቅ አይችልም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው።»

አያ የኋላሸት ከዱላቸው ላይ ቀና አሉ። «እሰይ! አሁን ገና ሰው የጻፈው ነገር ሰማሁ።»

መምህሩ ወደኔ ዞረ። «ይሄ ከየት መጣ?» አለኝ በጥርሱ።

«ከሕግ» አልኩት።

«ሁለቱም ወገን ማለት እኛና አንተ ነን?» አሉ አያ።

«አይ አያ፣ እሱ እንኳን የጽሑፍ ስሕተት ነው…»

«ማኅተም የለበትም?»

«አለበት።»

«ማኅተም ያለበት ስሕተት ስሕተት አይባልም፤ መመሪያ ነው የሚባለው። ልጄ አምስት ደቂቃ ብትዘገይ አምስት ይቀነስባታል። አንተ ብትቀርስ?»

መምህር ትእዛዙ ላብ አጠመቀው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ተሞክሮውን ሊያይ በሦስተኛው ቀን ይመጣል፤ የወላጅ ፊርማ ከሌለበት አምስቱ ነጥብ የለም። ሲያሰላ በግንባሩ ይታይ ነበር። «እሺ፣ በኔም ላይ ይሁን» አለ። ሰው ለአምስት ነጥብ ስንት ነገር ይላል!

«ታዲያ ዋስህ ማነው?» አሉ አያ።

«ዋስ?»

«እነዚህ ልጆች ወላጅ አላቸው፣ ቢጠፉ እኛን ትይዛለህ። አንተ ነገ አውቶቡስ ብትሳፈር ማንን እንይዝ? ዋስ የሌለው ውል ተራ ወሬ ነው።»

«እዚህ አገር ዘመድ የለኝም።»

«የተየበው አለ» አለች ወይዘሮ ሸምሲያ፣ ምላሷ ይቆረጥና።

«እሱ ምን አለው?» አሉ አያ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ።

«ፎቶ ኮፒ ማሽን አለው።»

«ይበቃል።»

«ቆይ፣ ቆይ!» አልኩ። «እሱ ቢጠፋ እኔ ምን ልሆን ነው? ኬሚስትሪ ላስተምር?»

«ወይ ታስተምራለህ፣ ወይ ትማራለህ። ሁለቱም አይጎዳህም።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ በሳቁ መሐል ፈረምኩ። ለሌላው የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ እኔም አንድ እግሬን አስገባሁ ማለት ነው።

ባለሙያው መጣ። ክፍሉ ሲከፈት አርባ ሦስት ተማሪ ጥቁር መነጽር አድርጎ ቁጭ ብሏል። ከነሱ ግማሹ ሰሌዳው አይታየውም፤ ሌላው ግማሽ ተኝቷል፣ ማን እንደተኛ ግን ማወቅ አይቻልም። ባለሙያው እንዲህ ያለ ሥርዓት በሕይወቱ አላየም፤ ጥያቄ የሚጠይቅ የለ፣ የሚንቀሳቀስ የለ። ፎቶ አነሳ። ሪፖርቱ ላይ «ተማሪዎች በሙሉ የደኅንነት ትጥቅ» ተብሎ ተጻፈ። እኔ ነኝ የተየብኩት።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ሥራውን ጀመረ። ሪሃና ደብተሯን ከኋላ ገልብጣ በግራ ገጽ የተማሪዎቹን ስም፣ በቀኝ ገጽ ብቻውን «ቲቸር ትእዛዙ 100» ብላ ጻፈች። የነጋዴ ልጅ ናት፤ ሚዛን አታዛባም።

ኬሚስትሪ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። መክሊት የመጀመሪያው ሰኞ ሃያ ደቂቃ ዘግይታ፣ ዱቄቷን በጀርባዋ አዝላ ደረሰች። በሩ ተዘግቷል።

«ቲቸር፣ ባልታሰበ ዝናብ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሸክምም ይዣለሁ» አለች በበሩ ቀዳዳ።

«ምንም ምክንያት ተቀባይነት የለውም።»

አምስት ተቀነሰ። በሌላው ሰኞ ወንዙ ሞላ፤ አምስት። በሌላው የተዋሰችው አህያ ጠፋባት፤ አምስት። ልጅቷ መስኮቱ ሥር ዱቄቷ ላይ ተቀምጣ በመስታወት ስባሪ በኩል ከሰሌዳ ትገለብጥ ነበር። መነጽር ስላላደረገች ከክፍሉ ሁሉ ደህና አድርጋ የምታየው እሷ ነበረች። ዘጠኝ ሰኞ ተቀጣችና ሃምሳ አምስት ላይ ቆመች። ሁለት ሰኞ ቢደገም ክፍሉን ትደግማለች።

በቀኝ ገጽ ያለውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መምህር ትእዛዙ አይዘገይም፤ ይህን ልመስክርለት። ግን ለስብሰባ ይጠራል። የሩብ ዓመት ግምገማ ተጠራ፤ የግምገማው ግምገማ ተጠራ። ስብሰባ በዛ ተብሎ አቤቱታ ቀረበና፣ ስለ ስብሰባ መብዛት ሁለት ቀን ተሰበሰቡ። ከእያንዳንዱ ሲመለስ ሪሃና በሩ ላይ ትጠብቀዋለች።

«ቲቸር፣ ሰባ አምስት ሆኑ።»

«ስብሰባ ነበርኩ እኮ፣ አለቃ።»

«እሱን አንቀጽ ሦስት ላይ ፈለግሁት፤ አጣሁት።»

መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። ግንቦት ሲያልቅ አሥራ አንድ ክፍለ ጊዜ ጎድሎ አርባ አምስት ላይ ወረደ። እሱ ግን አልቆጠረውም፤ የሚቆጥረው የራሱን ሰማንያ ስድስት ነበር። ሰማንያ ስድስቱም መጣ። ዝውውሩ ጸደቀ፤ ደብረ ታቦር! ደብዳቤውን ይዞ ሱቄ ገብቶ ፎቶ ኮፒ ማሽኔን ሳመው። ክሊራንሱን እስከ ዓርብ ካላስገባ ግን ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል።

ክሊራንስ ማለት ከቤተ መጻሕፍት፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከሁሉም «ዕዳ የለበትም» ማስባል ነው። ሁሉም ፈረመለት። ርዕሰ መምህሩ ጋ ሲደርስ ወረቀቱ ቆመ።

«ያ ውልህ አለ እኮ፤ ማኅተሜ ያለበት» አለው። «ለምርጥ ተሞክሮነት የበላይ አካል አጽድቆታል። እንግዲህ ወላጆች ይፈርሙልህ።»

እሑድ ጠዋት መምህር ትእዛዙ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ የእጅ ባትሪ ገዝቶ ሱቄ በር ላይ ቆመ። «ተነሥ» አለኝ፣ «ዋሴ አይደለህ?» ወደ አያ የኋላሸት መንደር ወጣን። አቀበቱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መሐል ላይ ቁጭ ብለን ስንተነፍስ አንድ ጥንብ አንሣ በላያችን ዞረ፤ አይቶን «ገና ናቸው» ብሎ ሄደ።

አያ የኋላሸት በክብር ተቀበሉን። ስኳሩንና ባትሪውን ተቀበሉ፤ ወዲያው ከጓዳ አንድ ቅል ነጭ ማር አስመጥተው መምህሩ እግር ሥር አስቀመጡ።

«ስጦታውን በስጦታ መለስን። አሁን እኩል ነን» አሉ። «ወደ ውሉ እንግባ።»

መምህሩ ደብዳቤውን አወጣ፤ ስለ ልጁም ተናገረ። አያ የልጁን ነገር ሲሰሙ ዓይናቸውን ወደ ደጅ አዞሩ። እውነት ነው፣ አዘኑ። ሐዘናቸው ግን ጣታቸው ድረስ አልወረደም።

«አሥራ አንድ ጎድሏል። አሥራ አንዱን መልስ፤ ዓርብ መጥቼ ጣቴን አጠቁርልሃለሁ።»

«አያ፣ ፈልጌ አይደለም የቀረሁት! የመንግሥት ስብሰባ ነው!»

«የኔ ልጅስ ፈልጋ ነው የዘገየችው? ለሷ ወንዝ ሲሞላ ምክንያት አልሆነም። ያንተ ስብሰባ ከወንዝ ይበልጣል? ወንዝ እንኳን ቢያንስ ይጎድላል።»

መምህሩ ደብዳቤውን መልሶ አጠፈ።

«ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያንተ ነው አይደል?» አሉ። «እንግዲህ እዚሁ እደሩ። መክሊት ዶሮ ሲጮህ ትነሣለች፤ አብራችሁ ውረዱ።»

ዶሮ ሲጮህ ተነሣን። መምህሩ የከተማ ወንድ ነውና የመክሊትን የዱቄት ከረጢት «አምጪ፣ እኔ ልያዝ» አለ። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ከረጢቱ ወደኔ ተዛወረ። በዚህ አገር ዝውውር በቀላሉ ሲገኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ መክሊት ከኔ ወስዳ አዘለችው። እኛ ባዶ እጃችንን እየተንገዳገድን፣ እሷ ተሸክማ ከፊት እየጠበቀችን ሄድን። ብቻዋን ብትሆን በሰዓቷ ትደርስ ነበር፤ እኛን ጥላ መሄድ አፈረች። የኔ ተረከዝ የተላጠው እዚያ ነው። የመምህሩ ጫማ ደግሞ አፉን ከፍቶ ጠጠር እየበላ ነበር።

ክፍሉ ደጃፍ ስንደርስ ከሁለት ሰዓት ሃያ ሦስት ደቂቃ አልፏል። በሩ ተዘግቷል።

መምህሩ አንኳኳ። «ክፈቱ፣ እኔ ነኝ!»

«ማን እኔ?» አለች ሪሃና ከውስጥ።

«ትእዛዙ ነኝ!»

«ሃያ ሦስት ደቂቃ ዘግይተዋል ቲቸር። አንቀጽ ሦስት።»

«ከጋዝጊብላ በኩል በእግሬ ነው የመጣሁት እኮ! ቁልቁለት ነው፣ ሸክም ነበረን፣ ጫማዬ ተቀደደ…» አለና መሐል ላይ አቆመ። መክሊትን አየ። መክሊት ዱቄቷን ካወረደችበት ቀና ብላ አየችው። ዘጠኙን ሰኞ ሁሉ በዓይኗ አነበበችለት።

«ይሄ ምክንያት ተቀባይነት አለው ቲቸር?» አለች ሪሃና። ከኋላዋ አርባ አንድ ጉሮሮ ሳቁን አፍኖ ይዞታል።

«አለው» አለ ቀስ ብሎ።

«አልተሰማም።»

«አለው! የመንገድ ምክንያት ተቀባይነት አለው!»

በበሩ ሥር አንድ ወረቀት ወጣ። ልጅቷ ለካ አስቀድማ ጽፋዋለች፦ «የመንገድ ምክንያት ያላቸው ተማሪዎች የተቀነሰባቸው ማርክ በሙሉ ይመለስ።» አሥራ ሰባት ስም ከሥሩ ተደርድሯል፤ መጀመሪያ ያለው የመክሊት ነው። መምህሩ ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ ፈረመ፤ ወረቀቱን በበሩ ሥር መልሶ አስገባ። በሩ ተከፈተ።

«ስብሰባስ?» አላት ሲገባ፣ ፈራ ተባ እያለ። «እግረ መንገዳችሁን ስብሰባንም ምክንያት ብታደርጉልኝ?»

«መንገድ ሰው ይሄድበታል ቲቸር» አለች። «በስብሰባ የትም አይደረስም።»

ከዚያ ማስተማር ጀመረ። ዋስ ስለሆንኩ ኋላ ተቀምጬ ቆጠርኩ፦ ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ ሦስት። የሌላ መምህር ባዶ ክፍለ ጊዜ ሲያይ እንደ ጭልፊት ይወርድበታል። ደንቡን የሚያነብበት ጊዜ ስላልነበረው ኬሚስትሪ አስተማረ። ማክሰኞ ከወይዘሮ ሸምሲያ ሱቅ ሎሚና ቤኪንግ ፓውደር አስመጥቶ፣ ያችን የተሰነጠቀች ብልቃጥ ይዞ ቆመ። አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ክፍሉ በሙሉ መነጽሩን አወለቀ፤ ለማየት። አሲድ ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አሥረኛ ክፍል ላይ እንዲህ ብለው ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ እናንተ ዛሬ በነጻ ተረት ባልሰማችሁ፤ ሐኪም ሆኜ በገንዘብ ትሰሙኝ ነበር።

ረቡዕ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይዟል። የመጀመሪያውን ጨርሶ ሁለተኛውን ሲጀምር የጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ ደብዳቤ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። መምህሩ አነበበው፤ ለኔም አሳየኝ። አስቸኳይ ስብሰባ፣ አሁኑኑ፣ መቅረት በጥብቅ የተከለከለ። አጀንዳ፦ የባከኑ ክፍለ ጊዜዎችን ስለማካካስ።

«ልትሄድ ነው?» አልኩት።

ጣቱን አጥፎ ቆጠረ። «ከሄድኩ ዛሬ ሁለት ይቀራል። ነገ አራት አይገባልኝም። ዓርብ አሥራ አንድ አልሞላም።»

«ካልሄድክስ?»

«አንድ ስብሰባ ነው። አንድ ስብሰባ ቢቀር ሰማይ አይወድቅም።»

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ጠመኔውን አነሣ። በዋግ ኽምራ ምድር የመንግሥት ሠራተኛ ከስብሰባ ቀርቶ ሥራው ላይ ሲገኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው፤ የሚጠራጠር ካለ መዝገብ ያገላብጥ።

ሐሙስ ሁለት፣ ዓርብ ጠዋት አንድ አስተማረ። አሥራ አንድ ሞላ። ሪሃና በቀኝ ገጽ «100» ብላ ጻፈች። አያ የኋላሸት በቃላቸው መጡ፤ ደብተሩን አስነበቡ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ክሊራንሱ ላይ ጫን አደረጉት። ከዚያ መምህሩን ትከሻውን መቱት። «ሰው ሆነህ ሄድክ» አሉት። «ይህን ያህል የምታውቅ ከሆነ ለምንድን ነው ዓመቱን ሙሉ የደበቅኸን?»

መምህሩ ክሊራንሱን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ እየሮጠ ሄደ፤ ጫማው አሁንም አፉን እንደከፈተ ነው። እኔም ዋስነቴ ወረደልኝ ብዬ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከፈትኩ።

ገና ሳልጨርሰው ተመልሶ መጣ። ያችው እግሯ በድንጋይ የተደገፈች ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሯ ተንቋቋች።

«ምነው? ክሊራንሱን አልተቀበሉህም?»

«ተቀበሉኝ። ሙሉ ነው አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«ረቡዕ ስብሰባ ባለመገኘቴ አምስት ነጥብ ተቀንሷል። ሰማንያ አንድ ሆንኩ። ቦታው ለተከታዩ ሰው ተሰጥቷል፤ አዳራሹ ውስጥ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበር አሉኝ።»

ልስቅ ብዬ ተውኩት። ለስላሳውን ወደሱ ገፋሁለት፤ አልነካውም። ከኪሱ የይግባኝ ቅጽ አወጣ።

«ሙላልኝ» አለኝ።

ስሙን፣ የሥራ መደቡን ሞላሁ። ከሥሩ «ከስብሰባ የቀሩበት ምክንያት» ይላል፤ አራት ሳጥን አለው፦ ሕመም፣ ወሊድ፣ ሐዘን፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ።

«ማስተማር የሚል ሳጥን የለውም» አልኩት።

ቅጹን አዙሮ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው። «ሐዘን የሚለው ላይ ምልክት አድርግ።»

አደረግሁ። «የሟች ስም ይላል ከጎኑ።»

«ባዶውን ተወው» አለኝ ተነሥቶ። «እነሱ ያውቁታል።»